እምቢታዎን መልሼ ልኬዋለሁ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ባለፈው በስልክ «ደህና ነኝ፤ ምንም አልጎደለብኝም» ብለውኛል፤ እኔ ደግሞ ይህን ቃልዎን እንደወረደ መቀበል ትቻለሁ። ስለዚህ የእርስዎን ደህንነት ሳልጠይቅ የእኛን ልንገርዎ። እኛ የምራችንን ደህና ነን። ሚጣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት መስላለች። ባለቤቴ እንደሚያውቋት ናት፤ ከሰዓት ገብታ እስከ ማታ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ቆይታ፣ ቤት ስትገባ የእኛን ልብስ ማየት አትፈልግም። እኔም የሰው አሳንሰር እየጠገንኩ እንጀራዬን እበላለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምዎ አይቀርም። በስልክ ግን ማን ይችልዎታል? ዕድሜ ልክዎን ስልክ ቤት ተቀምጠው የሰውን መስመር ሲያገናኙና ሲያቋርጡ የኖሩ ሰው ነዎት። ያን ዕለት «እትዬ፣ ተመልሰው ቢመጡስ?» ስልዎ፣ «መስመሩ ይቆራረጣል ልጄ» ብለው ዘጉት። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። የአጎቴ ልጆች በአንድ ወንበር ሲጣሉ እንኳ ይሰማኝ ነበር። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። መነጽርዎን አድርገው፣ እየተቆጡም ቢሆን እስከ መጨረሻው እንደሚያነቡት አውቃለሁ፤ የተጀመረ ነገር ትቶ መነሳት አይሆንልዎትም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አባቴ ካረፈ በኋላ አጎቴ ከነቤተሰቡ ወደ ቤቱ ገባ፤ እርስዎም ወደ ጓሮዋ ክፍል ሄዱ። «ፈቀቅ አልኩላቸው» ነው ያሉኝ። «ገፉኝ» አላሉም፤ እንደማይሉም አውቃለሁ። እንግዲህ ያኔ ነው «ጥቂት ወራት ይምጡና ይጠይቁን» ያልኩዎት። አፌ «ይጠይቁን» አለ እንጂ ልቤ የያዘው ሌላ ነበር። እንዲቀሩ ነበር የፈለግኩት። ለባለቤቴም ነግሬያት ነበር። «ከመጡማ ማን ይለቃቸዋል» ብላ ለትንሿ ክፍል አዲስ ፍራሽ አስገባች፤ ሚጣም ከክፍሉ አሻንጉሊቶቿን እያጉረመረመች አወጣች።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ሁለት ሹራብ ደርበው ሲወጡ መጀመሪያ ያሉኝ «እኔ እኮ አላስቸግርም» ነው። ሰላምታው እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ሻንጣዎን ልቀበል ስል «ተወው፣ ቀላል ነው» አሉኝ። እኔም ተውኩት። መኪናው ጋ እስክንደርስ ያን ሁሉ መንገድ እየጎተቱ ሄዱ፤ እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ «አሁንም ጉልበት አለዎት» እያልኩ አጠገብዎ እራመድ ነበር። አሁን ሳስበው ፊቴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የመጀመሪያው ራት ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበረች። ራሴ የሠራሁትን የአትክልት ሾርባ አሙቄ፣ ዳቦ ቆርሼ አቀረብኩ። ከሾርባው ትንሽ ቀመስ ቀመስ አድርገው ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ልጨምርልዎ?» አልኩ።

«በቃኝ ልጄ። ጠገብኩ።»

ሳህኑን ከፊትዎ አነሳሁት። አንስቼም አላስቀመጥኩትም፤ እዚያው ዓይንዎ እያየ አጠብኩት። ስፖንጁን ሳሙና እያስነካሁ «እትዬ እርጅና ተጫጫናቸው፣ ምግብ ቀንሰዋል» ብዬ በሆዴ አዘንኩልዎ። ከዚያ ሻይ ይጠጡ እንደሆነ ጠየቅኩ። «አሁን ደግሞ ምን ሻይ ያስፈልጋል» አሉ። እውነትዎን ነው ብዬ ለራሴ አፍልቼ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ጠጣሁ። ስኳር እንኳ ሳማስል እያዩኝ ነበር። ልንተኛ ስንል «ብርድ ልብስ ልደርብልዎ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ «ኧረ ይሞቃል» አሉ። ይሄኔ የሠራሁትን ብነግርዎ ይስቃሉ። ማሞቂያውን ቀነስኩት።

አገሩ ነው እንዲህ ያደረገኝ ብዬ ማመካኘት አልፈልግም፤ ግን እንዴት እንደሆንኩ ልንገርዎ። እዚህ ሰው የሚጠይቀው አንዴ ነው። እንደመጣሁ ሰሞን የሥራ ባልደረባዬ ምሳውን ከፍቶ «ትበላለህ?» ሲለኝ፣ እንደ ወጉ «አይ፣ አሁን ነው የበላሁት» አልኩት። ደግሞ እስኪለምነኝ ስጠብቅ እሱ ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ እየገመጠ ስለ ኳስ ያወራልኛል። ሆዴ ሲጮህ ሳይሰማው አልቀረም። እንዲያ እያልኩ ብዙ ምሳ አለፈኝ። በመጨረሻ እንደተጠየቅኩ «እሺ» ማለትን ለመድኩ። ጥሩ ነው፤ ሰው ካልራበው ይሻላል። ያልገባኝ ግን፣ ቶሎ እሺ ማለትን ስለምድ ደጋግሞ መለመንን እየረሳሁ መሄዴ ነው። ሚጣም ከትምህርት ቤቷ «አይ ካለ አይ ማለት ነው» የሚል መዝሙር ይዛ መጥታ ስትዘምርልኝ አጨብጭቤላታለሁ። አሁንም ለእሷ አጨበጭባለሁ። ለእርስዎ እንደማይሠራ ማን ይንገረኝ?

እንግዲህ እርስዎ ከእኛ ጋር ተቀመጡ፤ እኔም በኩራት ተነፋሁ። ሥራ ቦታ «የሌላው ሰው እናት ስትመጣ ቤት ታምሳለች፤ የእኔዋ እትዬ ግን መኖራቸውም አይታወቅም» እያልኩ አወራለሁ። መኖርዎ አለመታወቁን እንደ ሙገሳ ነበር የምናገረው። ባለቤቴ እረፍት የምትወጣበት ቀን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። እሷ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ይቺን ብቻ» እያለች ስትሟገትዎ፣ እርስዎም እየተሟገቱ ሳህኑን ጥርግ ያደርጉት ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼ ምን አልኩ? የሷ ወጥ ከእኔ ሾርባ ይጣፍጣል አልኩ። እውነትም ይጣፍጣል፤ ጉዳዩ ግን እሱ አልነበረም።

አሳንሰሩን ሲጠሩ የተባባልነውን ያስታውሳሉ? ቁልፉን አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ ሲጫኑት አላስችል አለኝ። ሥራዬ ነውና ያንገበግበኛል፤ ሰው ሁሉ ቁልፍ እየቀጠቀጠ ያበላሽብኛል።

«እትዬ፣ አንዴ ከተጫኑት ይበቃል። ሰምቷል» አልኩዎት።

«ሰምቶስ ሰምቷል፤ መምጣቱን ነው የማላምነው» አሉኝ።

ሳቅኩ። ይህን ወሬ ለባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁት። እርስዎ ግን እንደኔ አልሳቁም ነበር።

ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ መውረድ ጀመሩ። አንደኛ ፎቅ ያለችው፣ የስፌት መኪናዋ እንደ ዝናብ ሲንጠባጠብ የሚሰማው ሴትዮ። እንዴት እንደተዋወቃችሁ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንድ ቃል የጋራ የላችሁም። እኔ ከሥራ ስመለስ በሯ ገርበብ ብሎ፣ እሷ በሷ ቋንቋ፣ እርስዎ በራስዎ ቋንቋ፣ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ስትናገሩ አገኛችሁ ነበር። ጊዜ ማሳለፊያ አገኙ ብዬ ደስ አለኝ። ደግሞም ፊትዎ ወዝ እያገኘ፣ ጉንጭዎ እየሞላ ሄደ። «አየሽ፣ የኔ ሾርባ ተስማማቸው» አልኳት ለባለቤቴ። ምን ያህል በራሴ እንደምደሰት ያውቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እንዲቀሩ እንዴት እንደምጠይቅዎ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ቃላቱን ደረደርኳቸው፣ አፈረስኳቸው። ከእርስዎ ጋር ስነጋገር ሁልጊዜ አንድ ነገር ይይዘኛል፤ ያሳደጉኝ እርስዎ ሆነው ሳለ፣ ልክ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው እጠነቀቃለሁ። ባስገድድዎት ይከፋዎታል፣ «የባሌ ልጅ አዘዘኝ» ይላሉ ብዬ እፈራለሁ። እንዲህ ስል ስል መሄጃዎ ደረሰ። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ፣ ሽንኩርቱን እኔ ድንቹን እርስዎ ይዘን አሳንሰር ውስጥ ገባን። ቤት ከገባን ሚጣ ትረብሸናለች፤ አሁን ይሻላል አልኩ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ለምን ከእኛ ጋር አይኖሩም?»

ከበሩ በላይ ቀይ ሆኖ የሚበራውን ቁጥር ነበር የሚያዩት። ዓይንዎን ከዚያ ሳያነሱ፣ «አይ ልጄ፣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? የለመድኩት ይሻለኛል። እናንተም ኑሮ አላችሁ» አሉ።

«እሺ። እንደፈቀዱ» አልኩ። «ፈቃድዎን አከብራለሁ።»

በሩ ተከፈተ። እኔ ወጣሁ። እርስዎ ድንቹን እንደታቀፉ ትንሽ ውስጥ ቆዩና፣ «ምነው ዛሬስ ፈጠነ» አሉ።

እኔ ምን እንደመለስኩልዎ ያስታውሳሉ? እኔ አልረሳውም። «ትናንት አስተካክዬው ነው» አልኩዎት። ደረቴን ነፍቼ።

ማታ ለባለቤቴ «ጠይቄያቸው እምቢ አሉ፤ ቆርጠዋል። አንቺም እንዳትጨቀጭቂያቸው፣ ይከፋቸዋል» ብዬ አፏን አስያዝኳት። እሷ አልዋጠላትም ነበር፤ የእኔና የእርስዎ ነገር ስስ መሆኑን ስለምታውቅ ግን ዝም አለች። ከዚያ ሻንጣዎ ተዘጋ። ሲሸኙ ሚጣን አገላብጠው ሳሙ፣ ባለቤቴን አቅፈው ብዙ ቆዩ፣ እኔን ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አላስቸገርኳችሁም አይደል?» አሉኝ። «በጭራሽ» አልኩ። ይህን ብዬ ነው የሸኘሁዎት።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ አንድ ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ናት፤ የታጠፈ ጨርቅ ይዛለች።

«እናትህ የት ሄደች? ጨርቋ እኔ ጋ ቀርቷል» አለች።

«ወደ አገራቸው ተመልሰዋል» አልኳት።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«አይመጡም። እዚህ መኖር አልፈለጉም።»

ሴትዮዋ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «መኖር የማትፈልግ ሰው መስኮት ለክታ መጋረጃ ትሰፋለች?»

ጨርቁን ዘርግታ አሳየችኝ። ደብዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ በዳርና ዳሩ ነጭ ክር የገባበት። መስኮቱን በክር ለክተው፣ ክሩ ላይ ቋጠሮ አድርገው እንደወሰዱላት ነገረችኝ። ጨርቁን ራስዎ መርጠው፣ በመኪና አልሰፋም ብለው በእጅዎ ነበር የሚሰፉት አለች። ይዤው ወደ ትንሿ ክፍል ገባሁና መስኮቱ ላይ አስጠጋሁት። ልክክ አለ። አንደኛው ጫፍ ተቀምቅሟል፤ ሌላኛው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ መርፌው አሁንም ተሰክቶበታል። እንግዳ ሰው ለሦስት ወር መጋረጃ አይሰፋም፤ ይህን ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን አያስፈልግም። ደግሞም መርፌው የቆመው የት አካባቢ እንደሆነ ሳይ፣ ያቺ ከገበያ የተመለስንባት ቀን ትሆን እንዴ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

ሴትዮዋ አልሄደችም፤ በሩ ላይ ቆማ ማውራቷን ቀጥላለች። «አበላሏ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «የኔ ልጆች ምግቤን አይወዱትም። እሷ ግን ሳህን ሳቀርብላት እጇን እንዲህ ታደርጋለች» ብላ መዳፏን ወደፊት ገፋ ገፋ አደረገች፤ ልክ እርስዎ «በቃኝ» ሲሉ እንደሚያደርጉት። «ምን ማለት እንደሆነ እንጃ። ጨምሪልኝ ማለቷ እየመሰለኝ እጨምርላታለሁ፣ ትበላዋለች። እንደገና እጇን እንዲህ ታደርጋለች፤ እንደገና እጨምራለሁ።»

እትዬ፣ ቋንቋዎን የማታውቅ ሴት ቤት ጠግበው፣ ቋንቋዎን በሚያውቅ ልጅ ቤት ተርበው ከርመዋል ማለት ነው። እኔ የሰማሁት ቃልዎን ነው። እሷ ቃልዎን ስላልሰማች እርስዎን አየች። በጣም አፈርኩ።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ መጋረጃውን ታቅፌ አልጋዎ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሰማችኝ።

«ስንቴ ነው የጠየቅካቸው?» አለች።

«አንዴ።»

«የት?»

«አሳንሰር ውስጥ።»

ቦርሳዋን አወረደች። «አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ የሚላክበትን፣ ጉልበት ተይዞ የሚለመነውን ነገር በአሳንሰር?»

«ፈቃዳቸውን አክብሬ እኮ ነው።»

«አክብሮ ሳይሆን ተገላግሎ ነው የመሰላቸው» አለች። «ሲግደረደሩ ጦም አደሩ ሲባል አልሰማህም? ደግሞ የወለደች እናት ብትሆን ሳትጠየቅም ትቀመጣለች። እሳቸው በምናቸው ይቀመጡ? የማን ነኝ ብለው? ልመናህ ነበር እኮ መብታቸው። እሱን ከለከልካቸው።»

ይቺ ሴት ስትቆጣ ትክክል የመሆን መጥፎ ልማድ አላት። ትንሽ ቆይታ አጠገቤ ተቀመጠችና መጋረጃውን ከእጄ ወስዳ ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችው። «እኔም ዝም ያልኩት ጥፋት ነው» አለች።

ያን ጊዜ ነው የልጅነቴ ነገር የመጣብኝ። እናቴ በሞተች በዓመቱ አባቴ እርስዎን ይዞ ሲገባ፣ እጅዎ የነካውን ምግብ አልበላም ብዬ እንደነበር ያስታውሳሉ። በሩ ሥር ተኮራምቼ፣ አፌን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። እርስዎ የስልክ ቤት ልብስዎን እንኳ ሳይቀይሩ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ጉርሻውን ጠቅልለው፣ «በሞቴ» ይሉኛል። እምቢ እላለሁ። ጉርሻው ሲቀዘቅዝ ይተውትና ሌላ ይጠቀልላሉ። አባቴ ሲሰለቸው፣ «ተይው ባክሽ፣ ሲርበው ይበላል» አለዎት።

«ሲርበውማ ማንም ይበላል» አሉት። «እኔ ተለምኖ እንዲበላ ነው የምፈልገው።»

ያኔ ቃሉ አልገባኝም ነበር፤ ድምፅዎ ውስጥ የነበረው ነገር ግን ገብቶኛል መሰለኝ፣ አፌን ከፈትኩ። ስንት ጊዜ እንደለመኑኝ አላውቅም። ልጅ አይቆጥርም። የማውቀው፣ እርስዎ የኔን እምቢታ አንድም ቀን እንዳልተቀበሉት ነው። ባይሆን ኖሮ በዚያ በር ሥር እንደተኮራመትኩ እቀር ነበር። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ እጅ ጎርሼ ያደግኩ ሰው፣ እርስዎ አንዴ «አይ» ሲሉኝ «ፈቃድዎን አከብራለሁ» ብዬ ሽንኩርቴን አንጠልጥዬ መውጣቴ ነው የሚያንገበግበኝ።

አሁን እውነቱን ልንገርዎ፤ የምፈራውም ነገር አለ። እምቢታዎ የእውነት ቢሆንስ? የሰው አገር አሰልችቶዎት፣ ብርዱ አጥንትዎን በልቶት፣ በርግጥም የጓሮዋ ክፍል የምትሻልዎ ብትሆንስ? መጋረጃ የሰፋ ሁሉ ይኖራል ማለት አይደለም፤ እጅ ሥራ ሲፈታ አይወድም። ይህን ብዙ አሰብኩበት። የደረስኩበት ግን፣ የእውነቱ እምቢታ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በደንብ ከለመኑ በኋላ ነው። እኔ ገና አልለመንኩዎትም። ስለዚህ ያቺን አሳንሰር ውስጥ የሰጡኝን እምቢታ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬዋለሁ። ሳልለፋ ያገኘኋት ስለሆነች የኔ አይደለችም።

የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ። ደብዳቤው በደረሰዎ በሳምንቱ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የጓሮዋ ክፍል ደጃፍ ላይ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ፤ አጎቴ ወንበር ከከለከለኝ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። እርስዎ ይግደረደሩ። «አላስቸግርም» ይበሉ፣ «እዚያ ምን እሠራለሁ» ይበሉ፣ «እናንተም ኑሮ አላችሁ» ይበሉ። ሁሉንም እሰማለሁ፤ አንዱንም አላምንም። ጎረቤት ይሰብሰብ፣ አጎቴ ይሳቅብኝ፣ ግድ የለኝም። ባለቤቴም በእያንዳንዱ ቀን በስልክ እየገባች ከጎኔ ትለምናለች፤ መስመሩ ተቆራረጠ ብለው ቢዘጉባት እኔ መልሼ እደውልላታለሁ። ለምኜ ለምኜ፣ ሁለታችንም ደክሞን፣ ያኔም ዓይኔን እያዩ «አይሆንም» ካሉኝ፣ እሱን እቀበላለሁ። ያኔ የጓሮዋን ክፍል ጣሪያ ጠግኜ፣ በሯን ቀለም ቀብቼ፣ ከአጎቴም ጋር ቁጭ ብዬ የሚገባዎትን ተነጋግሬ እመለሳለሁ። ግን ያ ቀን የሚመጣ አይመስለኝም።

ትንሿ ክፍል እንዳለች ናት። ሚጣ አሻንጉሊቶቿን መልሳ ልታስገባ ስትል እናቷ ከለከለቻት። ማሞቂያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፤ አሁን ሰው የለበትም፣ ግን ይሁን።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እንዴት እንደምጽፈው ስላላወቅኩ ነው እስካሁን ያቆየሁት። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን «እናትህ» ስትለኝ ማን እንደነገራት ጠየቅኳት። የቤተሰባችንን ነገር ለማንም እዚህ አውርቼ አላውቅምና። «ራሷ ናት የነገረችኝ» አለች። እንዴት ብዬ ስጠይቃት፣ መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና፣ ከዚያ ጣቷን ወደ ላይ፣ ወደ እኛ ፎቅ ቀሰረች። «እንዲህ አለችኝ» አለች። «ከዚህ የወጣ፣ እዚያ ላይ ያለው።»

እኔም አላረምኳትም። «አዎ» አልኳት፣ «እናቴ ናት።» አፌን ሞልቼ ስል በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ደግሞ በሰው ቋንቋ ነው ያልኩት። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ይህንንም አልደብቅዎትም።

ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ በደረጃው ባገኘችኝ ቁጥር «እናትህ መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኛለች። በቀደም «ሄጄ አመጣታለሁ» አልኳት። በማግስቱ ሰፊ ድስት ገዝታ አየሁ። ስለዚህ እትዬ፣ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል። እርስዎ ወለድኩት ብለው ዋሽተዋታል፤ እኔንም ትመጣለች ብዬ እንዳልዋሻት ይርዱኝ። ለአንድ ቤት አንድ ውሸታም ይበቃል።

እምቢታዎን ያልተቀበለው
ልጅዎ